ዳገት የበላውን ቁልቁለት ይመልሳልን?

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ስጽፍላችሁ አብዛኞቻችሁ መኪና እንደሌላችሁ ዐውቃለሁ። እኔም የለኝም፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ በየመንገዱ ድምፅ የሌለው መኪና በዝቷል። ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሓፊ የሆነ ሰው ነገ ዕድል ቀንቶት መሪ ቢጨብጥ፥ የሚጨብጠው የኤሌክትሪክ መኪና መሪ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በእኔ ላይ የደረሰውን አስቀድማችሁ ብትሰሙት አይከፋም ብዬ ብዕር አነሣሁ።

እኔ ዲላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኃይል አይፈጠርም፥ አይጠፋም፥ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው መልክ ይለወጣል እንጂ የሚለውን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር፥ በልቤ «ይህን የሚያውቅ ሰው መኪና መንዳት ምን ይቸግረዋል?» የሚል ኩራት ይሰማኝ ነበር። ያን ኩራት ያወረደልኝ ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርደው ቁልቁለት ነው።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። አጎቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ኤንትሬ በሚባለው የፊያት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ጀመሩ፤ ኋላም መሪ ይዘው ከጌዴኦ ቡና ሲያደርሱ፥ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ሲያመጡ አርባ ዓመት ያህል ኖረዋል። ሥራ ካቆሙ በኋላ ልጆቻቸው አዋጥተው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙላቸው። ያገለገለች ናት፤ ከቻይና አገር በቀጥታ የመጣች ስለ ሆነችም በስክሪኗ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነው። አጎቴ መሪውን ገና በደንብ ሳይለምዱት ዐይናቸውን ሞራ ጋረደውና ሐኪም መንዳት ከለከላቸው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ሾፌራቸው እኔ ሆንሁ። እሳቸውም ከኋላ ሳይሆን ከጎኔ ተቀምጠው፥ ባያዩም እየሰሙ ያስነዱኛል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ግን በጣም ይበሳጫሉ። «ይህቺ ዝም ብላ የምትሄድ ነገር ደክማ እንደ ሆነ፥ ተቆጥታ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» ይላሉ።

ጌዴኦን ያላየ አንባቢ ካለ አገሩ ሜዳ አለመሆኑን ይወቅ። ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ተዳፋት ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትሩን ጥቂት አልፋ ትቀመጣለች፤ ከእርሷ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቡሌ ግን ከሺህ ሜትር በላይ ትበልጣታለች። ታች ቡና፥ ላይ ገብስና ቀርከሃ፥ ከታች እስከ ላይ ደግሞ እንሰት ነው። ሕዝቡ ይህን ተዳፋት ሳያራቁት፥ ትልልቁን ዛፍ ለጥላ ትቶ፥ ከዛፉ ሥር እንሰቱን፥ ከእንሰቱ ሥር ቡናውን እየተከለ በመኖሩ፥ ዩኔስኮ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጎብኚ ይህን አይቶ ያደንቃል። ሾፌር ግን ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይቈጥራል።

አጎቴ መንዳት ሲያስተምሩኝ ከመሪውም ከመስታወቱም አስቀድመው የነገሩኝ አንድ ቃል ነው፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ»። ከባድ መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣው፥ ሲመለስም በሁለተኛ ማርሽ ይውረደው ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ እያጉረመረመ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በነጻ የሚለቅ ሾፌር እንደ ሆነ ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ፍሬን ለረዥም ጊዜ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፥ ይሸታል፥ በመጨረሻም መያዝ ይተዋል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እኔ የድሮ ሰው ወግ አድርጌ እሰማቸው ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ነዳጁ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም። በዚያ ፈንታ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ ሪጀነሬቲቭ ብሬኪንግ ይባላል፤ እኔ «ኃይል መላሽ ፍሬን» እለዋለሁ። የብስክሌት ዲናሞ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዲናሞው ወደ ጎማው ተጠግቶ መዞር ሲጀምር መብራቱ ይበራል፥ የጋላቢው እግር ግን ወዲያው ይከብደዋል፤ መብራቱ የሚበራው በዚያ ድካም ነውና። በመኪናውም እንዲሁ ነው። የኃይል መስጫውን ስትረግጡ ባትሪው ሞተሩን፥ ሞተሩም ጎማውን ያዞራል። እግራችሁን ስታነሡ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፥ ሞተሩም ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይልካል፥ መኪናውም በዚያ ጫና ምክንያት ይዘገያል። ጫናው ምን ያህል ይሁን የሚለውን ሾፌሩ ይመርጣል፤ የእኛዋ ሦስት ደረጃ አላት። ከፍተኛው ላይ ስታደርጉት እግር ሲነሣ ፍሬን የተረገጠ ያህል ይይዛል፤ ዝቅተኛው ላይ ሲሆን መኪናዋ በያዘችው ግፊት ትንሸራተታለች።

ይህ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሉዊ ክሪጌር የሚባል ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ዓመታት ፓሪስ ውስጥ በሠራቸው የኤሌክትሪክ ሠረገላዎች ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞበታል። ዛሬም በሰሜን ስዊድን ከኪሩና የብረት ማዕድን ጭነው ወደ ኖርዌዩ ወደብ ወደ ናርቪክ የሚወርዱት ባቡሮች፥ በቁልቁለቱ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ባዶውን ባቡር እስከ ድንበሩ ድረስ መልሶ ለማውጣት የሚበቃ ነው። ይህን ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «ጭነታቸው ወደ ታች መሆኑ ነዋ! የእኛ ቡና ተጭኖ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ዳገቱ ነው፤ ለእኛ ማን ይመልስልናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ስግብግብነት ነው። ፍሬን ኃይል ይመልሳል ከተባለ፥ ብዙ የሚይዘው ደረጃ ብዙ ይመልሳል ብዬ ሁልጊዜ ከፍተኛው ላይ አድርጌ መንዳት ጀመርሁ። እግሬን ባነሣሁ ቁጥር በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ብልጭ ሲል ገንዘብ ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር። እግር ፍሬን ሳልነካ ቀኑን ሙሉ ነዳሁ እያልሁም በመምህራን ማረፊያ ክፍል እፎክር ነበር። አንድ ቅዳሜ አጎቴን ይዤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሐዋሳ ሄድን። በየመንደሩ እየተጣደፍሁ፥ ባጃጅና ፍየል ባየሁ ቁጥር እግሬን ድንገት እያነሣሁ፥ ከዚያም እንደ ገና እየረገጥሁ ስሄድ፥ አጎቴ ሆዳቸው ታወከና ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ። ሐዋሳ ስንደርስ ከባትሪው ከመቶው 33 ተበልቷል።

በመመለሻችን አጎቴ፥ «ያን የሚጎትተውን ነገር ዝቅ አድርገው፤ እግርህንም እንቁላል ላይ እንዳለ ያዘው፤ ሩቅ እያየህ ምን እንዳለ ለእኔ ንገረኝ» አሉ። እኔም ከፊታችን ያለውን እየነገርኋቸው፥ እሳቸው «እንግዲህ ልቀቅ፤ ራሷ ትሂድ» እያሉ፥ መኪናዋን በግፊቷ ብቻ እያንሸራተትን ዲላ ገባን። የተበላው 27 ነበር። ሐዋሳ ከዲላ በመቶ ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ትርፉ ሁሉ የእሳቸው ብልሃት ነው አልልም፤ ግማሽ ያህሉ የቁልቁለቱ ነው። ግማሹ ግን የሌላ የማንም አይደለም።

ምክንያቱን ለማግኘት መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ የማስተምረው ሕግ ነው። የመኪናው ሩጫ ኤሌክትሪክ ሆኖ በሽቦ አልፎ ባትሪ ገብቶ፥ ከዚያም ወጥቶ ሩጫ እስኪሆን ድረስ በየደጁ ቀረጥ ይከፍላል። ሞተሩ ይሞቃል፥ ሽቦው ይሞቃል፥ ባትሪውም ይሞቃል። ደኅና በሆነ መኪና እንኳ ከመቶው ወደ ሩጫ የሚመለሰው ስድሳ ወይም ሰባ ያህል ነው። መቶ ብር አበድሮ ስድሳ አምስት የሚመለስለት ሰው፥ ብሩ ጨርሶ ከሚቀልጥበት ይሻለዋል፤ ነገር ግን መቶውን በኪሱ ይዞ ከቆየ ሰው ጋር አይተካከልም። በተራ ፍሬን መያዝ ብሩን ማቅለጥ ነው፤ በኃይል መላሹ መያዝ ማበደር ነው፤ አስቀድሞ አይቶ መኪናውን በግፊቱ ማንሸራተት ግን በኪስ ማቆየት ነው። እንግዲህ በሰፊውና በሜዳው መንገድ ላይ ደረጃው ዝቅ ይበል። በከተማ ውስጥ፥ ሰውና ባጃጅ በየእርምጃው በሚያስቆምበት ስፍራ፥ መቆሙ አይቀርምና ከፍ ማድረግ ይገባል።

ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእኛ ቀይ አፈር ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። በከፍተኛው ደረጃ እግር ድንገት ከተነሣ ጫናው የሚያርፈው ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ በእኛ መኪና የፊተኞቹ ይንሸራተታሉ፥ መሪውም ለአፍታ አልታዘዝ ይላል። እኔን ይህ የገጠመኝ ከወናጎ መንገድ በገባሁበት አንድ መንደር ውስጥ፥ በእግር ፍጥነት ስሄድ ነውና ያገኘሁት አጥር ብቻ ነበር። ባለቤቱ አጥሩን አብሬያቸው ከጠገንሁ በኋላ ቡና አጠጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጭቃ ላይ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ፥ እግሬንም ቀስ አድርጌ አነሣለሁ።

አሁን ወደ ቡሌው ነገር ልመለስ።

ወሩ ሚያዝያ ነው። ቡሌ የምትኖረው አክስቴ፥ የአጎቴ ታናሽ እኅት፥ ጉልበቷን አሟት ዲላ ሆስፒታል እንድንወስዳት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣን፤ እሑድ አድረን ሰኞ ማለዳ ልንወርድ ነው። ከዲላ ስንነሣ ባትሪው 85 ነበር፤ ቡሌ ስንደርስ 67 ሆነ። ዳገቱ 18 በላ ማለት ነው። አክስቴ መኪናይቱ በኤሌክትሪክ እንደምትሄድ በሰማች ጊዜ በጣም ደስ አላት፤ እንግዳ ሲመጣ በቅሎው ገብስ ሳይቀርብለት አያድርምና፥ ራሷ ሽቦውን በመስኮት አሳልፋ ከቤቷ ሶኬት ላይ ሰካችው። ከተራ የቤት ሶኬት የሚወጣው ኃይል ትንሽ ነው፤ በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው። ነገር ግን መኪናዋ ሁለት ሌሊት ስትጠጣ አደረች። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ 100 ይላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ሙሉ ማን ይጠላል?

ጭጋግ ወርዶ ነበር። ከጎኔ አጎቴ፥ ከኋላ አክስቴና የአራት ወር ሕፃን የታቀፈች ልጇ ተቀመጡ። ደረጃውን ከፍተኛው ላይ አድርጌ ተነሣን። የመጀመሪያው ረዥም ቁልቁለት ሲመጣ እንደ ልማዴ እግሬን ከኃይል መስጫው ላይ አነሣሁ። የያዘኝ ነገር የለም። መኪናዋ እንደ ተፈታ ጥጃ ሄደች። በስክሪኑ ላይ አንድ ቢጫ የቻይንኛ ጽሑፍ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ምን እንደሚል የሚያውቅ በመካከላችን የለም። 30 የነበረው ፍጥነት 40፥ ከዚያም 50 ሆነ። ከጭጋጉ ውስጥ ሁለት የተጫኑ ፈረሶች የሚነዳ ልጅ ብቅ አለ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ እግር ፍሬን ሁልጊዜ በስፍራው አለ። ከባትሪው ጋር የማይገናኝ፥ እንደ ማንኛውም መኪና ሸራና ዲስክ ያለው ፍሬን ነው። ነገር ግን ሳምንታት ሙሉ ሳልነካው የኖርሁ ስለ ሆንሁ እግሬ እስኪያገኘው ድረስ አንድ ትንፋሽ ያህል ፈለገው። ያች አንድ ትንፋሽ ምን ያህል እንደምትረዝም አሁንም ሌሊት ትዝ ትለኛለች። ረገጥሁት፤ መኪናዋም ከኋለኛው ፈረስ ጭራ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አክስቴ «ኢየሱስ!» አለች። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ልጁ ዘወር ብሎ አየንና ፈረሶቹን እየነዳ ወደ ጭጋጉ ገባ።

አጎቴ አልጮኹም። «ዳር አስይዛት» አሉኝ። ዳር አስያዝኋት። «ማርሽ የላትም። ያ የሚጎትታት ነገርም ዛሬ እንቢ አለ። ለምን?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኃይል መላሹ ፍሬን የሚይዘው ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ስፍራ ሲያገኝ ነው። ስፍራውም ባትሪው ብቻ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከሙሉ በላይ ሲሞላ የሚጎዳና የሚያሰጋ ስለ ሆነ፥ መኪናው ራሱ ደጁን ይዘጋል፤ ደጁ ሲዘጋ ዲናሞው ባዶውን ይዞራል፥ ጫናውም ይጠፋል። በጣም በቀዘቀዘ ባትሪም እንዲሁ ያስቸግራል። አንዳንድ መኪናዎች በዚህ ጊዜ ተራውን ፍሬን በራሳቸው ያግዙበታል፥ ሾፌሩም ልዩነቱን አያውቀውም፤ የእኛዋ ግን በቻይንኛ ነግራኝ ዝም አለች። እኔም ለአጎቴ፥ «ጠግባለች» አልኋቸው። ጠግቦ ለመጣ እንግዳ ጉርሻ ቢያቀርቡለት አፉን እንደሚይዝ ያለ ነገር ነው።

አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ያዘዙትን ነገር ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አላውቅም። «እንግዲያስ ያስርባት! መብራቱን አብራ። ማሞቂያውንም እስከ ጥጉ ክፈተው» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ማሞቂያው ሦስት ኪሎዋት የሚስብ ቢሆን በሃያ ደቂቃ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ከእኛ ባትሪ ከመቶው ሁለት ያህል ነው። «ፍሬኑንም ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፥ አዘግያት፥ ልቀቅ። እግርህን አታስተኛበት፤ የተኛ እግር ፍሬን ያቃጥላል» አሉኝ። እንዲሁ እያደረግሁ፥ በማሞቂያው ሁላችን እያላበን፥ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወረድን። ከመንገዱ እኩሌታ ሳንደርስ የፍሬኑ ሽታ መጣ። አጎቴ ከእኔ ቀድመው አሸተቱት። አንድ ጠፍጣፋ ስፍራ ላይ ቆምን።

ሽታው እስኪበርድ ድረስ ከዋርካ ሥር ተቀምጠን ሳለ ነው አጎቴ የነገሩኝ። ከእኔ ጋር ሃያ አምስት ዓመት ኖረው አንድ ቀን ያላነሡት ነገር ነው።

መሪ በያዙ በሁለተኛው ዓመት፥ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ፥ ነዳጅ ለማትረፍ ማርሹን አውጥተው ለቀቁት። «የተረፈው ነዳጅ ለሾፌሩ ነበር፤ ሸሚዝ ልገዛ ዐስቤ ነበር» አሉኝ። መኪናው ፈጠነ፤ ማርሹን ልመልስ ቢሉ እንቢ አላቸው፤ ፍሬኑን ረገጡት፥ ጥቂት ያዘና ሽታ ብቻ ሆነ። ረዳታቸው የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የረዳት ሥራ መኪና ሲቆም ጎማው ሥር ታኮ ማግባት ነው። «እኔ ምንም አላልሁትም። ታኮውን ይዞ ዘለለ» አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። መኪናው ኋላ ከአንድ አፋፍ ጋር ተጋጭቶ ቆመ፤ እሳቸው ክንዳቸው ብቻ ተሰበረ። አክስቴ ታሪኩን ታውቀው ኖሯል፤ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥርና ትፈታ ነበር።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በፈገግታ እንዳሳለፍሁት ዐሰብሁ። አንዳች ነገር ልናገር ብፈልግም ቃል አላገኘሁም፤ ተነሥቼ እጄን ወደ ጎማው አስጠግቼ ሙቀቱን አየሁ። በርዷል። ተነሣንና ሄድን። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ፥ በአንዲት ትንሽ ዳገት ላይ ከወጣን በኋላ፥ ቢጫው ጽሑፍ ጠፋ፤ እግሬንም ባነሣሁ ጊዜ መኪናዋ ቀስ ብላ መያዝ ጀመረች። አጎቴ በወንበራቸው ስለ ተሰማቸው፥ «መጣች» አሉ።

በዚያው ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። መኪናዋ ከነሰዉ 1,800 ኪሎ ግራም ትሆናለች። ይህን ክብደት ሺህ ሜትር ማውረድ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኃይል ይሰጣል። የእኛ ባትሪ 45 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚይዝ ይህ ከመቶው 11 ያህል ነው። ከዚያ ላይ ጎማው ከመንገዱ ጋር፥ አካሏም ከነፋሱ ጋር በመታገል ወደ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ፤ የቀረውም በየደጁ ቀረጡን ይከፍላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ወደ ቡሌ ወጥተን፥ በ85 ተነሥቼ በከፍተኛው ደረጃ ወረድሁና ዲላ ስደርስ ተመለከትሁ፤ 88። ዳገቱ 18 በልቶ ቁልቁለቱ 3 መለሰ። በዚያ አረንጓዴ መስመር ስደሰት የኖርሁት ለዚህች ነው። ያን ቀን ግን እግር ፍሬኑን የነካሁት አራት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ዲላ ደርሼም እጄን ወደ ጎማው ባስጠጋ የገላ ሙቀት ያህል እንኳ አልነበረውም። ከሦስቱ ይልቅ ይህን ባገኝ ይሻለኛል። ስለዚህም ደረጃውን የምመርጠው በስክሪኑ ለሚታየው ቍጥር ሳይሆን፥ በቁልቁለት ለፍሬኑ፥ በሜዳ ለእግሬ ነው። ባትሪውንም ወደ ታች ስወርድ ከ90 በላይ አልሞላም። ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ባዶ መንገድ ላይ፥ እግር ፍሬኑን ሆን ብዬ ጠበቅ አድርጌ እረግጠዋለሁ፤ ሳይነካ የሚኖር ዲስክ በእኛ ዝናብ ይዝጋል፥ ሳይነካው የሚኖር እግርም መንገዱን ይረሳል።

ይህንኑ ሒሳብ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አቀረብሁላቸው። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አነሣችና፥ «መምህር፥ ኃይል አይጠፋም ብለውናል፤ ዐሥራ አምስቱ የት ሄደ?» አለችኝ። ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ጎማውን አሞቀ፥ አየሩን አሞቀ፥ ሽቦውን አሞቀ ብዬ ጻፍሁ። እርሷም ጽፋ ከጨረሰች በኋላ፥ «እንግዲያስ ቡሌ ያለው ብርድ በእኛ መኪና ትንሽ ቀንሷል ማለት ነው» አለች፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በአሠራሩ ስሕተት ስላላገኘሁባት ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

አክስቴን ግን ማሳመን እስካሁን አልቻልሁም። ጉልበቷ ተሽሏት ቡሌ ከመለስናት በኋላ ልንጠይቃት በሄድን ቁጥር ሽቦውን በመስኮት ይዛ ትጠብቀናለች። ባለፈው ጊዜ 85 ሲል ነቀልሁት። «ምን አደረግህ? ገና ሌሊቱ አልነጋ» አለች። ለቁልቁለቱ ስፍራ መተው እንዳለበት ነገርኋት። «በእኔ ቤት ሳይጠግብ ሊያድር? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። አጎቴም ከተኙበት ሆነው፥ «ተዪው፤ ልጁ ያለውን ያውቃል» አሉ። እሳቸው ስለ እኔ እንዲህ ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጠዋት ልንነሣ ስንል የመኪናዋ ጀርባ ከበደኝና ከፍቼ ባይ፥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሃያ ኪሎ የሚሆን ቡላ ተጭኖበታል። «እርሷ እንቢ ካለች እናንተ ብሉ» አለች አክስቴ። አጎቴ ከጎኔ ተቀምጠው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ፥ «ይህ ጭነት እንግዲህ ወደ ታች ነው፤ ስንት ይመልስልናል?» ብለው ጠየቁኝ። በልቤ ሃያ ኪሎውን በሺህ ሜትር አባዛሁና ከኪሎዋት ሰዓት መቶኛ አምስት ያህል እንደሚሆን ነገርኋቸው።

«ማለት?» አሉኝ።

«አንድ ጀበና ቡና አያፈላም» አልኋቸው።

«ግድ የለም፤ ቡላውን እንበላዋለን። አሁን ደረጃውን ከፍ አድርግና ቀስ ብለህ ውረድ» አሉኝ።